ብሮሊ በበረዶው ላይ፦ 24 መልስ ያስከተለ ፍርድ

የኢንተርኔት ውይይቱን ክር የከፈተው ሰው የመጣው ጥያቄ ይዞ ሳይሆን ፍርድ ይዞ ነበር። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 በጃፓን ለእይታ የበቃው የአኒሜሽን ሥራ «ድራገን ቦል ሱፐር፡ ብሮሊ» ሁለት የተለያዩ ጨርቆች በአንድ መርፌ የተሰፉበት ፊልም ነው ባይ ነው። የመጀመሪያው ጨርቅ ታሪክ ነው፤ ንጉሥ በቅናት ሕፃን ያሳድዳል፣ አባት ልጁን ፍለጋ ሕዋ ያቋርጣል፣ ፕላኔት ይፈነዳል። ሁለተኛው ድብድብ ብቻ ነው፤ በረዶው ላይ የመጀመሪያው ቡጢ ከተሰነዘረ በኋላ ደራሲው አኪራ ቶሪያማ ብዕሩን አስቀምጦ ቦታውን ለሠዓሊዎቹ ለቋል። ስለዚህ የማርሻል አርት ፊልም የሚባለው ሥራ ምርጡ ክፍል ማርሻል አርት የሌለበት ነው ብሎ ደመደመና የሚቃወም ካለ በጨዋነት እንዲቃወም ጋበዘ። ጨዋነቱ እስከ 5ኛው መልስ ድረስ ቆየ።

ፊልሙን ላላየ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። ሳይያን በሚባሉት የጦረኞች ዘር ፕላኔት፣ ንጉሥ ቬጂታ ከገዛ ልጁ የሚበልጥ ኃይል ያለው ብሮሊ የሚባል ሕፃን መኖሩን ይደርስበታል፤ ሕፃኑንም ቫምፓ ወደምትባል ጠፍ ፕላኔት ያስወረውረዋል። አባቱ ፓራገስ መርከብ ሰርቆ ይከተላል፤ መርከቡ ይበላሽና አባትና ልጅ እዚያው ይቀራሉ። ከአምስት ዓመት በኋላ የሕዋው አምባገነን ፍሪዛ የሳይያኖችን ፕላኔት ያጠፋል፤ ካካሮት የተባለው ሕፃን ግን አስቀድሞ ወደ ምድር ተልኳል። የድራገን ቦል ዋና ባለታሪክ፣ ጎኩ ብለን የምናውቀው፣ እርሱ ነው። ብሮሊ ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚቀጣ ማሰሪያ አንገቱ ላይ ታስሮለት ያድግና ጎልማሳ ሆኖ ሳለ የፍሪዛ ወታደሮች ያገኙታል፤ ወደ ምድርም አምጥተው ከጎኩና የአባቱን ስም ከወረሰው ልዑል ቬጂታ ጋር ያጋጥሙታል። ከመቶ ደቂቃው ውስጥ ግማሽ የሚጠጋውን የሚወስደው ይህ ግጥሚያ ነው።

1ኛው መልስ ሁለት መስመር ብቻ ነበር። ጸሐፊው ፊልሙ ለሁለት እንደሚከፈል ይስማማል፤ እርሱ ግን የሚወደው ሁለተኛውን ክፍል በመሆኑ መጀመሪያውን ሁልጊዜ በሪሞት እየዘለለ ያልፈዋል። 2ኛዋ መልስ ሰጪ ይህን እንደ ሙያ መናገሩ አስገረማት። ክርክሩን በቁም ነገር የያዘችው እርሷ ነበረች። ብሮሊ ከቬጂታ ጋር ሲጀምር ቡጢው አቅጣጫ የለውም፤ የሚመታው ስላዘዙት ነው። ቬጂታ ኃይሉን አንድ ደረጃ በጨመረ ቁጥር ብሮሊ እየተመታ ይማራል፤ ጥቂት ቆይቶ በተመታበት መንገድ መልሶ ይመታል። ከአባቱ በቀር ሰው ሳያውቅ ያደገ ልጅ ከእኩዮቹ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገናኝ መገናኛው ድብድብ ሆነ፤ ታሪኩ እዚያው ቡጢው ውስጥ እየቀጠለ ነው ስትል ተከራከረች። ፊልሙን የዘለለው ሰው መልስ አልሰጣትም፤ ምናልባት እርሷንም ዘሏት ይሆናል።

3ኛው ሰው የእርማት ሰው ነው፤ በየክሩ የማይጠፋ ዓይነት። ፊልሙ ከማንጋ፣ ማለትም ከጃፓን የሥዕል ታሪክ መጽሐፍ፣ የተወሰደ መባሉ በጥንቃቄ መያዝ እንዳለበት አሳሰበ። የድራገን ቦል ማንጋ እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 1995 በሳምንታዊ መጽሔት ታትሞ በ42 ቅጽ ተጠናቅቋል፤ በዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ ብሮሊ የሚባል ሰው የለም። የተወለደው በ1993 ለሲኒማ በተሠራ ፊልም ነው፤ ታሪኩን የጻፈው ታካኦ ኮያማ ሲሆን የቶሪያማ ድርሻ መልኩን መንደፍ ነበር። ለ2018ቱ ፊልም ግን ጽሑፉን የጻፈው ራሱ ቶሪያማ ነው። ከማንጋ በቀጥታ የመጣው፣ የጎኩ ወላጆች ልጃቸውን ሲሸኙ የሚታዩበት ክፍል ነው፤ እርሱም በ2014 ከታተመች አጭር የቶሪያማ ሥራ የተወሰደ ነው። እርማቱ ትክክል ነበር፣ ድምፀቱ ግን የፈተና ወረቀት የሚመልስ መምህር ድምፀት ነበርና ከታች ጥቂት ሰዎችን አስቆጣ።

4ኛው የ1993ቱን ብሮሊ ላላወቁ በትዕግሥት አስረዳ። በዚያ ፊልም ብሮሊ ጎኩን የሚጠላው ሁለቱም ሕፃናት ሳሉ ጎን ለጎን ተኝተው የጎኩ ለቅሶ ስላስጨነቀው ነው። ከዚያ በላይ ምክንያት የለውም፤ አድጎ የሚሠራው ሥራ ካካሮት እያለ ማፍረስ ነው። ቶሪያማም ይህን ገጸ ባሕርይ ከሞላ ጎደል ረስቶት እንደነበር፣ የኅትመት አርታኢው ካሳሰበው በኋላ ተመልሶ እንደሠራው በወቅቱ መግለጹን አስታወሰ። በአዲሱ ጽሑፍ ጥላቻው ጠፍቷል፤ ብሮሊ ጎኩን አያውቀውም፣ የሚጠላበትም ነገር የለውም።

5ኛው መልስ ጨዋነቱን ሰበረው። ጸሐፊው የድሮው ብሮሊ ወዳጅ ነው፤ ያንን የሚያስፈራ ፍጡር አንሥቶ የአውሬ ጆሮ ቆዳ የታጠቀ አሳዛኝ ልጅ ማድረግ ክህደት ነው ሲል ጻፈ። ክፉ ሰው ሁሉ ሲበደል አድጓል ተብሎ ከተተረከ የሚፈራ ባላጋራ ከየት ይመጣል ብሎ ጠየቀ፤ አዲሱን የሚወዱትንም ልጆች ናቸው አላቸው። 2ኛዋ ተመልሳ መጣች፤ ቆዳው ለቅሶ ማስመጫ አይደለም ብላ ተቆጣች። ብሮሊ በቫምፓ ባ የሚባለውን ግዙፍ አውሬ ጥቃት ሲሸሽ ሲሸሽ ተላመደው፣ ወዳጁም ሆነ። ፓራገስ ግን ወዳጅነቱ ልጁን ያለሰልሰዋል ብሎ አውሬውን ተኩሶ ጆሮውን ቆረጠው፤ አውሬውም ከዚያ በኋላ ብሮሊን አልቀረበውም። ወገቡ ላይ የሚታየው ያ ጆሮ ነው። ከዚህ የበለጠ የሚያስፈራ ነገር ከፈለገ የድሮውን ፊልም ደግሞ ይመልከት ብላ ነገሩን ዘጋችው። እኔ ከእርሷ ጋር ነኝ፤ ምክንያት ያለው ቁጣ ምክንያት ከሌለው ቁጣ ይልቅ ያስፈራኛል።

ከአዲስ አበባ የጻፈው 7ኛው ሰው ቴኳንዶ እንደሚያሠለጥን ተናገረ፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም አሠልጣኝ እያሉ ነው የጠሩት። እንደ ባለሙያ ያየው ነገር አለ። የብሮሊ አቋቋም መጀመሪያ ላይ አቋቋም አይባልም፤ እጁ ፊቱን አይከልልም፣ ክብደቱ ወደ ፊት ይወድቃል፣ እግሩን ሳያስተካክል ይገባል። ሰው ጋር ሳይሆን አውሬ ጋር የተለማመደ ሰው እንዲህ ነው የሚገባው። ጎኩ በአንጻሩ ከመምታቱ በፊት ቦታ ይይዛል፤ ያንን አቋቋም ድራገን ቦልን የሚያውቅ ሁሉ ከሩቅ ይለየዋል። አሠልጣኙ ሠዓሊዎቹ ይህን ልዩነት ያለ ቃል መሳላቸውን አደነቀ፤ ይሁን እንጂ ከሰማይ ላይ መብረርና ኃይል መተኮስ ሲጀመር የሙያው አስተያየት እዚያ ላይ እንደሚያበቃ በቀልድ ጨመረ። ክሩን የከፈተው ሰው በጣም አክብሮ መለሰለት፤ ነገር ግን አቋቋም መሳል ታሪክ መናገር አይደለም ብሎ ፍርዱን አጸና።

ከዚያ አንዲት እናት ከዱባይ ጻፉ። ልጃቸው አሥር ዓመቱ ነው፤ ፊልሙን ማየት ፈልጓል፤ እርሳቸው ደግሞ ስለ አንገት ማሰሪያው ሲያነቡ ሰግተዋል። የድሮው ብሮሊ ወዳጅ፣ ያ ቁጡው፣ እዚህ ላይ ሌላ ሰው ሆነ። እትዬ ብሎ ጀምሮ በትሕትና አብራራላቸው፦ በአሜሪካ የተሰጠው ደረጃ ልጆች ከወላጅ ምክር ጋር ሊያዩት የሚችሉት ዓይነት ነው፤ ደም ብዙ አይታይም፤ ከበድ የሚለው መጀመሪያው ነው። ፓራገስ አብሮት የመጣውን ባልደረባ ቫምፓ ላይ ምግብ እንዳይሻማው ተኩሶ ይገድለዋል፤ በኋላም አባትየው ራሱ በፍሪዛ እጅ ይሞታል። ልጃቸው አጠገባቸው ተቀምጦ ቢያየው እንደሚሻል መከረ። እናትየውም መርቀውት ሄዱ። አንድ ሰው በአንድ ክር ውስጥ ሁለት ባሕርይ ማሳየቱ ለእኔ አዲስ አይደለም፤ ነገር ግን ደስ አሰኘኝ።

የእናትየው መልእክት ሳያስበው ክሩን ወደ ሌላ መንገድ ወሰደው። ከ10ኛው እስከ 13ኛው ያለው ሁሉ ስለ ዲሽ ነው። ጎኩን መጀመሪያ ያወቁት ስፔስቱን በሚባለው የልጆች ቴሌቪዥን ጣቢያ የዓረብኛ ቅጂ መሆኑን አንዱ ሲያነሣ ሌሎቹ ተከተሉት፤ ጅዳ ያደገው፣ አዲስ አበባ ጣሪያ ላይ የተሰቀለ ዲሽ የነበረው፣ ዓረብኛ ሳይገባው ታሪኩን ከገጸ ባሕርያቱ ፊት የተረዳው። አንዱ የመጀመሪያዎቹን የዓረብኛ ቃላት ከድብድብ መሃል እንደለቀመ ተናገረ፤ ለገበያ ግን አልጠቀሙትም። ክሩን የከፈተው ሰው ትዕግሥቱ አልቆ፣ የዲሽ ትዝታ ሌላ ክር ይከፈትለት ሲል ቆጣ ብሎ ጻፈ።

14ኛው መልስ ለእኔ የዚህ ሁሉ ውይይት ምርጡ ነው። ጸሐፊዋ ፊልሙን በአባቶች ከፋፍላ አየችው። የፍሪዛ አባት ንጉሥ ኮልድ ሠራዊቱን ለልጁ እንደ ርስት ያስረክባል፤ ፍሪዛ የወረሰው ጦርና ንቀት ነው። ንጉሥ ቬጂታ ልጁን ከሁሉ በላይ ለማድረግ የሌላውን ልጅ ያባርራል፤ ልዑሉም እስካሁን ከሁሉ በላይ ለመሆን ሲሮጥ ይኖራል። ፓራገስ ለልጁ ሲል ሁሉን ትቶ ይሄዳል፣ ያ ፍቅር ግን ቫምፓ ላይ ወደ በቀል ይለወጥና ልጁን መሣሪያ ያደርገዋል። ባርዶክና ሚስቱ ጊኔ ልጃቸውን ያድኑታል፤ የሚያወርሱት ነገር ስለሌላቸው ከሁሉም ነፃ የሆነው እርሱ ነው። በዚህ ዓይን ሲታይ በበረዶው ላይ የሚጋጠሙት ጎኩ፣ ቬጂታና ብሮሊ ብቻ አይደሉም፤ ከኋላቸው አባቶቻቸው ቆመዋል። ፓራገስማ በቁሙ ዳር ቆሞ ሲያዝ ይታያል፤ ልጁ ከቁጥጥሩ ሲወጣ መቆጣጠሪያውን ኪሱ ውስጥ ቢፈልግ አያገኘውም። ቺላይ የምትባለው የፍሪዛ ምልምል ቀደም ብላ ሰርቃበታለች።

ይህን በመሰለ መልስ ላይ አንድ ሰው ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰሱ አይቀርም። 15ኛው የባርዶክን ርኅራኄ አልተቀበለም። በ1990 ለቴሌቪዥን በተሠራው ፊልም ባርዶክ ለልጁ ደንታ የሌለው ጨካኝ ወታደር ነበረ፤ እውነቱን የሚረዳው ሲዘገይ ነው፤ ያ ነው ትልቅነቱ። አሁን ሚስቱን አቅፎ ልጁን የሚሸኝ ደግ አባት ሆነ፤ በቅባት የተለወሰ ነው ሲል ጻፈ። 16ኛው ሰው ልጅን ከጥፋት ለማዳን መላክ ሙሴን በቅርጫት ወንዝ ላይ ካስቀመጡት ጀምሮ የቆየ ታሪክ መሆኑን አነሣ። 17ኛው ቅዱስ መጽሐፍን ከካርቱን ጋር አታወዳድሩ ብሎ ገሠጸ። 16ኛው አላወዳደርሁም አለ፤ 17ኛው አወዳድረሃል አለ፤ እንዲህ እየተባባሉ ጥቂት ቆዩ። በመጨረሻ አሠልጣኙ ገብቶ ሁለቱንም አስቆማቸው፤ አሠልጣኝ ስለሆነ ይሁን ስለሌላ አላውቅም፣ ሁለቱም ታዘዙት።

ሥዕል የሚያውቅ ሰው እስኪመጣ ድረስ ስለ ሥዕሉ ማንም በወጉ አልተናገረም ነበር። 18ኛው ተናገረ። የፊልሙ የገጸ ባሕርይ ንድፍና የሥዕል ኃላፊነት የናኦሂሮ ሺንታኒ ነው፤ አዘጋጁ ደግሞ ታትሱያ ናጋሚኔ። ከዚያ በፊት የነበሩት ሁለት ፊልሞችና የቴሌቪዥኑ ተከታታይ በታዳዮሺ ያማሙሮ ንድፍ የተሠሩ ነበሩ፤ ጡንቻው ጠንካራ፣ ጥላው የሚያብረቀርቅ፣ መስመሩ ብዙ። ሺንታኒ መስመር ቀነሰ፣ ጥላውን አለሰለሰ፣ ፊቱን ወደ ጥንቱ የቶሪያማ ሥዕል አቀረበው። ይህ ለውበት ብቻ አይደለም። በእጅ በሚሳል አኒሜሽን እያንዳንዱ መስመር በየሥዕሉ ተደግሞ መሳል አለበት፤ መስመር ሲቀንስ ሠዓሊው ጊዜውን ለእንቅስቃሴው ይሰጣል። ጎኩና ብሮሊ በረዶ ውስጥ ሲንከባለሉ አካላቸው ሲተጣጠፍና ሲዘረጋ የሚታየው ለዚህ ነው። ድብድቡ ወደ መጨረሻው ሲደርስ፣ ተፋላሚዎቹ የዓለሙን ግድግዳ ሰብረው ሌላ ቦታ ሲገቡ፣ ኮምፒውተር የሠራው ምስል ይጎላል፤ ያንን ክፍል 18ኛው አልወደደውም፣ 19ኛው ግን ከሁሉ አብልጦ ወዶታል። ሙዚቃው ላይም እንዲሁ ተለያዩ። ኖሪሂቶ ሱሚቶሞ የተፋላሚዎቹን ስም በኅብረት የሚጮህ ድምፅ ከትሩምባው ጋር ቀላቅሏል፤ አንዱን ከወንበሩ አስነሥቶታል፣ ሌላውን የኳስ ሜዳ ድጋፍ መስሎት አስቆታል። እኔ ሁለቱም የሆነብኝ ሰው ነኝ።

ክሩን የከፈተው ሰው በ20ኛው ተመለሰ፤ ፍርዱን አልሻረም፣ ግን ድንበሩን አንቀሳቀሰው። እስከ ፓራገስ ሞት ድረስ ታሪክ አለ እሺ አለ። ፍሪዛ ጎኩ በጓደኛው ሞት ተቆጥቶ ኃይሉ እንደጨመረ ያስታውስና አባትየውን ገድሎ ሌላ የገደለው አስመስሎ ብሮሊን ያሳብደዋል፤ ይህ የደራሲ ሥራ ነው። ባዶው ከዚያ በኋላ ነው። ጎኩና ቬጂታ ሸሽተው ወደ ወዳጃቸው ፒኮሎ ይሄዳሉ፤ በጭፈራ ተዋሕደው አንድ ሰው ሊሆኑ ይሞክራሉ፤ መጀመሪያ ወፍራም ሆነው ይወጣሉ፣ ቀጥሎ ከሲታ፤ እያንዳንዱ ስሕተት ግማሽ ሰዓት ያስጠብቃቸዋል፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ፍሪዛ ብቻውን እየተቀጠቀጠ ነው። ቀልዱ ጥሩ ነው። ነገር ግን ጎጌታ የተባለው ውሑድ ሲመጣ ብሮሊ መማሩን ያቆማል፤ ከዚያ በኋላ የሚሸነፍ ግንብ ብቻ ነው።

ይህ ከመጀመሪያው ፍርድ ይልቅ እውነት አለው ብዬ አምናለሁ። 21ኛዋ ግን የተሻለ ነገር አመጣች፤ ድብድቡ በቡጢ እንዳላለቀ አስታወሰች። ጎጌታ የመጨረሻውን ምት ሊሰነዝር ሲል ቺላይና ባልደረባዋ ሌሞ ምኞት የሚፈጽሙትን ሰባቱን የዘንዶ ዕንቁዎች ተጠቅመው ብሮሊን ወደ ቫምፓ ያስመልሱታል። ዕንቁዎቹ ለምን ተፈልገው ነበር? ፍሪዛ ቁመቱ በ5 ሴንቲ ሜትር እንዲረዝም፣ ያውም ሰው እንዳይጠረጥረው፤ የጎኩ ወዳጅ ቡልማ ደግሞ በ5 ዓመት ወጣት እንድትመስል። የሕዋው ኃያልና የምድር ባለጸጋ ለቁመትና ለመልክ የተመኙትን፣ አንዲት የተሰረቀ መርከብ ይዛ ከፖሊስ የምትሸሽ ልጅ ለሌላ ሰው ሕይወት አዋለችው። ለዚህ ነው እኔ ፊልሙ ለሁለት ተሰፍቷል የሚለውን የማልቀበለው፤ ቀልድ መስሎ የገባው ምኞት መጨረሻው ላይ ታሪኩን የሚዘጋው እርሱ ነው። 1ኛው ሰው በሪሞት የሚዘልለው ቦታ ላይ ነው የተቀመጠው።

22ኛው፣ የድሮው ብሮሊ ወዳጅ እንደገና፣ ጎጌታ ሊገድለው ነበር ወይስ አልነበረም በሚለው ላይ ጥል ፈለገ። ሊገድለው ከነበረ ጎኩን ደግ ማለት ግብዝነት ነው አለ። 2ኛዋ ጎኩ ቀደም ሲል ብሮሊን ይዞ ክፉ እንዳልሆነ ሊነግረው መሞከሩን፣ በኋላም ቫምፓ ድረስ ምግብና ቤት ይዞ መሄዱን፣ እዚያም ካካሮት በሚል ስሙ ራሱን ማስተዋወቁን ዘረዘረች። እርሱ ደግሞ ቬጂታ ከጎኩ ጋር ተዋሕዶ ሳለ የማን ልብ እንዳዘዘ ማን ያውቃል ብሎ ለጥያቄው ማምለጫ አበጀ። መጥፎ ማምለጫ አይደለም።

23ኛው አጭርና ረጋ ያለ ነበር፤ ቶሪያማ መጋቢት 1 ቀን 2024 በ68 ዓመቱ ማረፉን ጠቅሶ ጽሑፉ የሰውየው ከሆነ ስሕተቱም ይወደድ አለ። በዚያው ላይ ማሳኮ ኖዛዋን አነሣ፦ ከ1986 ጀምሮ የጎኩ ድምፅ የሆነችው ተዋናይት ይህ ፊልም ሲወጣ 82 ዓመቷ ነበር፤ በዚሁ ፊልም የአባቱም የልጁም ድምፅ እርሷው ናት። የእርማቱ ሰው፣ 3ኛው፣ ልጁ የተባለው ትንሹ ጎተን መሆኑን ሳይጠየቅ አብራራ።

በ24ኛው የዱባይዋ እናት ተመልሰው መጡ። ልጃቸው ፊልሙን አይቷል፤ አንገት ማሰሪያው አላስፈራውም፣ ቀጥሎ የትኛውን ልይ እያለ ግን አስቸግሯቸዋል። የድሮው ብሮሊ ወዳጅ የ1993ቱን እንዲያሳዩት፣ 2ኛዋ በ2022 የወጣውንና ብሮሊ ከጎኩና ከቬጂታ ጋር ሲለማመድ የሚታይበትን «ሱፐር ሂሮ» እንዲያሳዩት በአንድ ደቂቃ ውስጥ መለሱላቸው፤ ወዲያውም የትኛው ይቅደም በሚለው ላይ እርስ በርሳቸው ተያያዙ። የእርማቱ ሰው ሁለቱንም አርሞ ከማንጋው 1ኛ ቅጽ ይጀምር አለ።